ከእግር ብረት እስከ ዓሣ ጅራት

ነገሩ የተጀመረው ሮቤ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ላይ ነው፡፡ ሮቤ ስል የባሌዋን ሮቤ ማለቴ አይደለም፡፡ ወደ አሰላ ሲኬድ ኢተያ ላይ ተገንጥሎ በስንዴና በገብስ ማሳ መሐል የሚያልፈው መንገድ የሚያደርሰንን የአርሲዋን ሮቤ ማለቴ ነው (የሮቤ ሰው ይህችን ማብራሪያ ዕድሜ ልኩን ሲሰጥ ይኖራል)፡፡

የእህቴ ልጅ አሥር ዓመት ሊሞላት ነው፡፡ ለልደቷ ምን እንደምገዛላት ስጠይቃት ጫማም ቦርሳም አላለችም፡፡ የዓሣ ጅራት ነው ያለችኝ፡፡ በካርቱን ፊልም እንደምታያት፣ ከወገቧ በላይ ሴት ከወገቧ በታች ዓሣ እንደሆነችው ፍጡር ያለ ጅራት፡፡ ያውም ለፎቶ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ለብሳው የምትዋኝበት፡፡ ሶደሬ ልወስዳት ቃል ገብቼላት ስለነበር የሚዋኝበትም ቦታ ተገኝቷል ማለት ነው፡፡ የቀረው ጨርቁ ነበር፡፡

ልብስ ሰፊው በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚበልጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው፡፡ ጥያቄውን ሲሰሙ አልሳቁም፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና የልጅቱን ወገብ መለካት ጀመሩ፡፡ ከዚያ ጨርቅ ዘረገፉልን፡፡ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ፣ ለሚዜዎች ቀሚስ የሚሆን ብልጭልጭ የተለቀመበት ጨርቅ፣ ሳቲን፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ ልጃገረዶች ከቀሚስ በታች የሚያደርጉት የታይት ጨርቅ፡፡ ጋሼ ከፋዩን መረጡ፤ ወፍራም ነው፣ ቅርፅ ይይዛል፡፡ ልጅቱ ብልጭልጩን አቀፈችው፤ የዓሣ ቅርፊት ይመስላላ! የታይቱን ጨርቅ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፡፡ እኔም የብልጭልጩን ልከፍል እጄን ወደ ኪሴ ከሰደድኩ በኋላ ነው አንዲት ሴት ትዝ ያለችኝ፡፡

አኔት ኬለርማን ትባላለች፡፡ አውስትራሊያዊት ናት፤ ከሞተች ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኗታል፡፡ ዕድሜዋን ሙሉ የታገለችው ከጨርቅ ጋር ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም፡፡ የእሷን ታሪክ ሳልጨርስ የጅራቱን ጨርቅ መምረጥ ስለማልችል አንባቢ ይታገሰኝ፡፡ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

አኔት የተወለደችው በ1886 ሲድኒ ከተማ ውስጥ ነው፤ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዘመን መሆኑ ነው፡፡ አባቷ ቫዮሊን ተጫዋች፣ እናቷ ደግሞ የፈረንሳይ ዝርያ ያላት ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ፡፡ ቤቱ በሙዚቃ የተሞላ ቢሆንም ልጅቱ እንደ እኩዮቿ አትሮጥም ነበር፡፡ እግሮቿ ደካሞች ስለነበሩ በብረት መደገፊያ ታሰሩ፡፡ የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ብዙዎች ሕመሙን ሪኬትስ ይሉታል፡፡ በእኛ አገር እግር ብረት የሚገባው ወንጀለኛ ነው፤ ይህች ልጅ ግን ያለ ወንጀሏ የልጅነቷን የመጀመሪያ ዓመታት በእግር ብረት አሳለፈች፡፡

እግሯ እንዲጠነክር ዋና እንድትማር ተመከረና ላቬንደር ቤይ በሚባለው የሲድኒ ወሽመጥ፣ ካቪል የተባሉ ዝነኛ የዋናተኞች ቤተሰብ በሚያስተዳድሩት መዋኛ ትምህርት ጀመረች፡፡ መሬት ላይ ብረት የሚሸከም እግር ውሃ ውስጥ ብረት አያስፈልገውም፡፡ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት እግሮቿ ከሌላው ልጅ እግር የሚለዩ አልነበሩም፡፡ አሥራ አምስት ሲሆናት በዘመኑ የሚታወቁትን የዋና ዓይነቶች ሁሉ አውቃለች፡፡ በ1902 ደግሞ የኒው ሳውዝ ዌልስ የሴቶች የ100 ያርድና የአንድ ማይል ሻምፒዮን ሆነች፡፡ ማይሉን የጨረሰችው በ33 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ነው፡፡

ቤተሰቡ ወደ ሜልቦርን ተዛወረ፡፡ አኔትም በከተማዋ ኤግዚቢሽን አዳራሽ በሚገኝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከዓሦች ጋር እየዋኘች ገንዘብ ማግኘት ጀመረች፡፡ ጅራት ገና አልለበሰችም፤ ነገር ግን ሰው ወደ ውሃ ውስጥ አሻግሮ ሊያያት ገንዘብ ከፍሎ መግባት የጀመረው ያኔ ነው፡፡ ዓሦቹ እንዴት እንደሚሄዱ በቅርብ የማየት ዕድል ያገኘች ሴት ናትና ነገሩን በልባችን እንያዘው፡፡

በ1905 ከአባቷ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረች፡፡ ለንደን ውስጥ የሚያውቃቸው አልነበረም፡፡ ሰው እንዲያውቃት በቴምስ ወንዝ፣ በዚያ ጥቀርሻና ቆሻሻ በሞላበት ውሃ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ዋኘች፤ ጋዜጦች አወሯት፡፡ እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባሕር ለማቋረጥ ሦስት ጊዜ ሞክራ አልተሳካላትም፤ በአንዱ ሙከራ ከአሥር ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ ቆይታለች፡፡ (ያንን ባሕር ለማቋረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው አሜሪካዊቷ ገርትሩድ ኤደርሌ ናት፤ ያውም በ1926፡፡) አኔት ኋላ ስታስታውስ፣ ወንዶቹ ተወዳዳሪዎች ያለ ልብስ ሲዋኙ እሷ ግን ልብስ እንድትለብስ በመገደዷ ጨርቁ ብብቷን ፍቆ እንዳቆሰላት ተናግራለች፡፡ ትንሽ ስፌት ናት እንግዲህ፤ ነገር ግን ለሰዓታት አንድ ቦታ ስትመላለስ ቢላዋ ትሆናለች፡፡ በፓሪስ በሴን ወንዝ ከአሥራ ሰባት ወንዶች ጋር ተወዳድራ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰች፤ በ1906 በዳኑብ ወንዝ ላይ ኦስትሪያዊቷን ዋናተኛ ባሮነስ ኢሳሴስኩን ረታች፡፡

ከዚህ ሁሉ ድሏ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን በ1905 ለንደን ውስጥ በመርፌና ክር የሠራችው ሥራ ነው፡፡ ባዝ ክለብ የሚባለው የመኳንንት መዋኛ፣ በኮኖት መስፍንና በባለቤታቸው ፊት ዋና እንድታሳይ ጋበዛት፡፡ ችግሩ አኔት የምትዋኘው እንደ ወንድ ልጆች ከጉልበት በላይ በሚቀር አጭር ልብስ መሆኑ ነው፤ ባዶ እግር ለንጉሣውያን ማሳየት ደግሞ ክልክል ነው፡፡ ሌላዋ ብትሆን ወይ ግብዣውን ትተወዋለች፣ ወይ ያን ባለ ቀሚስ የሴቶች የዋና ልብስ አጥልቃ እንደ ድንጋይ ትሰምጣለች፡፡ አኔት ጥቁር ረጃጅም ስቶኪንግ ገዝታ ከዋና ልብሷ ጋር ሰፋቻቸው፡፡ ከአንገት እስከ እግር ጣት የተሸፈነች ሆነች፤ ሕጉ ተከበረ፡፡ ነገር ግን የሚንጠለጠል፣ የሚንሳፈፍ፣ ውሃ የሚቋጥር አንድም ነገር ሰውነቷ ላይ አልነበረም፡፡ በኋላ በስሟ የተሸጠው ወጥ የሴቶች የዋና ልብስ መነሻው ይኸው ነው፡፡

ይህ የፋሽን ወሬ እንዳይመስል የዘመኑን ሁኔታ ላስታውስ፡፡ ያኔ ሴቶች ውሃ የሚገቡት በሱፍ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሱሪ፣ ስቶኪንግና ጫማ ደርበው ነበር፡፡ ሱፍ ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚያህል እርጥበት ክሩ ውስጥ መያዝ ይችላል፤ በክሮቹ መሐልና በቀሚሱ እጥፋት የሚቋጠረው ሳይቆጠር፡፡ ዳር ላይ ገመድ ይዞ ከመንቦጫረቅ ያለፈ ዋና በዚያ ልብስ አይታሰብም፡፡ አኔት እንግሊዝ ከመድረሷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 1904፣ ጄኔራል ስሎከም የተባለች መርከብ የቤተ ክርስቲያን ሽርሽር ተጓዦችን እንደያዘች ኒውዮርክ ወንዝ ላይ በእሳት ተያያዘች፡፡ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፡፡ ዳርቻው ሩቅ አልነበረም፡፡ ግን ዋና የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ፣ ልብሳቸውም ወደ ታች ይጎትታቸው ነበር፡፡ የልብሱ ክርክር የእግር መታየት አለመታየት ብቻ አልነበረም የምለው ለዚህ ነው፡፡

አኔት ወደ አሜሪካ የሄደችው በ1907 ነው፤ በመጀመሪያ ቺካጎ፣ ቀጥሎ ቦስተን አጠገብ ባለው ሪቪየር የባሕር ዳርቻ ትርዒት አሳየች፡፡ ስሟ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ታሪክ እዚህ ጋ ይመጣል፤ በዚያ ጠባብ የዋና ልብስ ዳርቻው ላይ በመታየቷ ፖሊስ በነውር ከሶ ያሰራት መሆኑ፡፡ ታሪኩን ራሷ በስተርጅና ስታወራው ኖራለች፤ የዚያን ጊዜ ጋዜጦችን ያገላበጡ ሰዎች ግን የእስሩን ዜና አላገኙትም፡፡ ማስታወቂያ የሚገባት ሴት እንደነበረች አይካድም፡፡ ታሰረችም አልታሰረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአሜሪካ ሴቶች ወጥ የዋና ልብስ መልበስ ጀምረዋል፡፡ በ1908 ደግሞ የሃርቫርዱ ዶክተር ዱድሊ ሳርጀንት በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን ከለካ በኋላ፣ ቬነስ ዴ ሚሎ ከተባለችው ጥንታዊ ሐውልት ጋር የሰውነት ልኳ የሚቀራረብ ፍጹም ሴት እሷ ናት አለ፡፡ ሴትን እንደ ገበያ በሬ በሜትር መለካቱን እኔ አልወደውም፡፡ ግን ያቺ በብረት የታሰሩ እግሮች የነበሯት ልጅ ይህን ስትሰማ ምን እንደተሰማት ሳስበው ፈገግ ማለቴ አይቀርም፡፡

አሁን ወደ ጅራቱ ደረስን፡፡

በ1911 አኔት ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችበትን አጭር ፊልም ሠራች፡፡ ፊልም ላይ በዓሣ ጅራት ሲዋኝ ከታየው ሰው ሁሉ ከቀደሙት አንዷ ናት፡፡ የጅራት ልብሶቿን ንድፍ የምታወጣው ራሷ ነበረች፤ አንዳንዶቹንም በእጇ ሰፍታቸዋለች፡፡ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ እስቲ አንባቢ ያስበው፤ ናይለን የሚባል ነገር ለሕዝብ የተዋወቀው በ1938 ነው፡፡ ዛሬ ስፓንዴክስ ወይም ላይክራ የምንለው የሚለጠጥ ክር የተሠራው በ1958 ነው፡፡ በአኔት እጅ የነበሩት ሱፍ፣ ጥጥ፣ ሐር፣ ሸራና ጎማን የመሳሰሉ ነገሮች ናቸው፡፡ ያኔ ጨርቅ የሚለጠጠው ክሩ ስለሚለጠጥ ሳይሆን እንደ ሹራብ በቀለበት በቀለበት ስለተሠራ ብቻ ነበር፡፡ ሹራብ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይወርዳል፡፡ በዚያ ዘመን ዕቃ እግሮቿን አንድ ላይ አስራ፣ ከወገቧ ጀምሮ እንደ ዓሣ እየተጠማዘዘች ሄደች፡፡

ሁለት እግርን አጋጥሞ ሽቅብ ቁልቁል መምታትን የዋና ውድድር ዓለም የተቀበለው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፡፡ ዛሬ የቢራቢሮ ዋና የምንለው በዚህ የእግር አመታት የሚዋኘው ዓይነት ኦሊምፒክ ላይ ራሱን ችሎ የገባው በ1956 ነበር፤ ከተማዋም ሜልቦርን ናት፡፡ አኔት በልጅነቷ ከዓሦች ጋር የዋኘችባት ያቺው ሜልቦርን!

በ1914 ‹‹የኔፕቲዩን ልጅ›› የተሰኘው ፊልሟ ወጣና ዝናዋ ጣሪያ ነካ፡፡ ፊልሙ በቤርሙዳ ደሴት ሲሠራ የሚዋኙበት የመስታወት ገንዳ ፈንድቶ እሷንም ዳይሬክተሩን ኸርበርት ብሬነንንም አቁስሏቸዋል፡፡ በ1916 ጃማይካ የተሠራው ‹‹የአማልክት ልጅ›› ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ተብሎ ተለፍፎለታል፡፡ የሚያሳዝነው ይህ ፊልም ጠፍቷል፤ ዛሬ አንድም ሙሉ ቅጂ የለም፡፡ በ1918 የወጣው ‹‹የባሕር ንግሥት››ም እንዲሁ ጠፍቷል፡፡ ሙሉ በሙሉ ተርፎ የሚታየው ረጅም ፊልሟ በ1924 የወጣው፣ ኒውዚላንድ የተሠራው ነው፡፡ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አደገኛውን ሁሉ የምትሠራው ራሷ ነበረች፤ ከ28 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር መዝለልን ጨምሮ፡፡ ሥራ አስኪያጇን ጄምስ ሱሊቫንን ያገባችው በ1912 ሲሆን ልጅ አልወለዱም፡፡

ለእኔ ከፊልሞቹ ሁሉ የሚበልጥብኝ በ1918 ያሳተመችው የዋና መማሪያ መጽሐፏ ነው፡፡ ሴቶች ዋና እንዲማሩ የምትወተውትበት ነው፡፡ በዚያ ውስጥ የዋና ልብስን በሁለት ትከፍለዋለች፤ ውሃ ውስጥ የሚሠራ፣ ከደረቅ መሬት ውጪ ለምንም የማይሆን፡፡ የእህቴን ልጅ ብልጭልጭ ጨርቅ ይዤ ሮቤ ላይ የቆምኩት እንግዲህ ይህች ክፍፍል ትዝ ስላለችኝ ነው፡፡ በእጄ የያዝኩት የትኛውን ነው?

ጋሼን ባልዲ ውሃ ለመንኳቸው፡፡ ከየጨርቁ ስንዝር የሚያህል ቁራጭ ቆርጠን ነከርን፡፡ ከፋዩ ከባልዲው ሲወጣ የተነከረ ጋቢ መሰለ፤ ብንጨምቀውም ውሃው አላልቅ አለ፡፡ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ተንኮሉ፣ ውሃው ውስጥ ሳለን ክብደቱ የማይታወቅ መሆኑ ነው፡፡ እንቅስቃሴን ይዞ ያዘገያል እንጂ እንደ ድንጋይ አይከብድም፡፡ ክብደቱ የሚመጣው ልጅቱ ከውሃው በላይ ቀና ልትል፣ ጠርዙን ይዛ ልትወጣ ስትሞክር ነው፤ በጣም በደከመችበት ሰዓት ማለት ነው፡፡ ሳቲኑ ውሃ ባይጠጣም አይለጠጥም፤ እግር የታሰረበት ልብስ ካልተለጠጠ ጉልበት አይታጠፍም፣ ጉልበት ካልታጠፈ አይዋኝም፡፡ ብልጭልጩ ደግሞ ወደ ጎን ትንሽ ይለጠጣል፣ ወደ ቁመቱ ግን እምቢ አለ፡፡ የተሰፋበትን ክር በጥፍሬ ስነካው ሦስት አራቱ ረገፉ፡፡ ጀርባው ቆዳ ይፍቃል፤ የአኔት ብብት ትዝ አለኝ፡፡

በብልጭልጭ ነገር ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ፡፡ በ1952 ሆሊውድ የአኔትን ታሪክ ‹‹ሚሊዮን ዶላር ሜርሜይድ›› ብሎ ፊልም ሲያደርገው እሷን ሆና የተጫወተችው ዋናተኛዋ አስቴር ዊሊያምስ ነበረች፡፡ በወርቃማ ብልጭልጭ የተሸፈነ ልብስ አልብሰው፣ ራሷ ላይ የብረታ ብረት ዘውድ ደፍተው ከ15 ሜትር ገደማ ከፍታ አዘለሏት፡፡ ዘውዱ ውሃውን ሲመታ የአንገቷ አጥንቶች ተሰበሩ፤ ለወራት በጀሶ ታስራ ከረመች፡፡ ይህችው አስቴር ከዚያ በፊት በ1947 በወጣው ፊልሟ ወፍራም የፍላኔል ዋና ልብስ አሰፍተውላት ውሃ ውስጥ ቁልቁል ሲጎትታት፣ ልብሱን ከላይዋ ጥላ እንደተረፈች በሕይወት ታሪኳ አውርታለች፡፡ የዓለም ዝነኛዋ ዋናተኛ እንዲህ ከሆነች ገና ዋና የምትለምድ የአሥር ዓመት ልጅ ምን ልትሆን ነው?

የቀረው የታይቱ ጨርቅ ነበር፡፡ አሥር ሳንቲ ሜትር ለክቼ ሳብኩት፤ ወደ ጎንም ወደ ቁመትም ከአሥራ አምስት አለፈና ስለቀው ወደ ልኩ ተመለሰ፡፡ ለጅራት ጨርቅ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ተለጥጦ መመለስ አለበት፡፡ ከባልዲው አውጥተን ስንጨምቀው ወዲያው ቀለለ፡፡ ናይለን ወይም ፖሊስተር ላይ የሚለጠጠው ክር ተቀላቅሎበት የሚሠራ ጨርቅ ነው፤ የክሎሪን ገንዳ ከሆነ ፖሊስተሩ ይበልጥ ይበረታል፡፡ አስቂኙ ነገር ይህ ጨርቅ ለአርሲ እንግዳ አለመሆኑ ነው፡፡ በቆጂና አሰላ ጎዳና ላይ ማለዳ የሚሮጡት ልጆች የሚለብሱት ይህንኑ የመሰለ ነው፡፡ አርሲ እነ ደራርቱንና ቀነኒሳን ያበቀለች የሩጫ አገር እንጂ የዋና አገር አይደለችም፤ ጨርቁ ግን ለሁለቱም ያው ነው፡፡ ጠላቂዎች የሚለብሱት እንደ ስፖንጅ ያለው ኒዮፕሪን ይሻል እንደሆነ የጠየቀኝ ወዳጅ አለ፡፡ ለልጅ አይሆንም፡፡ ኒዮፕሪን ይንሳፈፋል፤ ጅራት ሲሆን ደግሞ እግርን ወደ ላይ አንስቶ ጭንቅላትን ወደ ታች ያደርጋል፡፡

ጋሼ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ነው የጠየቁኝ፡፡ ልጅቱ ብትሰምጥ ይህን ነገር በምን ታወልቀዋለች?

አልመለስኩላቸውም፡፡ ስለ ጨርቁ ያን ያህል ስዘበዝብ ዋናውን ጥያቄ የጠየቁት ባሕር ያላዩት ሰውዬ ናቸው፡፡ አኔት ጅራት ያጠለቀችው ሻምፒዮን ከሆነች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፡፡ ያለ እጇም ያለ እግሯም ውሃ ላይ መቆየት ትችል ነበር፡፡ የእህቴ ልጅ ዋና የምትለው ነገር ዳር ይዞ እግር ማንጫጫት ነው፡፡ ሁለት እግሯ አንድ ከረጢት ውስጥ የገባ ልጅ ደረቷ በማይደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ ሚዛኗን ከሳተች መልሳ መቆም ያቅታታል፡፡ ጫፉ ላይ ጠንካራ ክንፍ ሲገጠምለት ደግሞ ይብሳል፡፡

አኔት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ አሜሪካና አውስትራሊያ እየተመላለሰች ኖረች፡፡ በጦርነቱ ዓመታት ለቀይ መስቀል ሠርታለች፣ ወታደሮችን አዝናንታለች፡፡ ሥጋ የማትበላ ሴት ነበረች፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጤና ምግብ መደብርም ነበራት፡፡ በ1970 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገሯ ተመልሳ ኩዊንስላንድ ውስጥ ሳውዝፖርት ተቀመጠች፡፡ በ1974 ስሟ ፍሎሪዳ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የዋና ዝነኞች መዝገብ ገባ፡፡ በሚቀጥለው ዓመት፣ በኅዳር 1975፣ በ89 ዓመቷ አረፈች፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ካረፉ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው፡፡ የትርዒት ልብሶቿን ለሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ተናዝዛ ነበርና ስብስቡ ዛሬ በከተማዋ ፓወርሃውስ ሙዚየም ይገኛል፡፡

አንድ ነገር ልጨምር፡፡ አኔት በጥቁር ስቶኪንግ ራሷን ከሸፈነች ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2004፣ በዚያችው በሲድኒ አሄዳ ዛኔቲ የተባለች ሊባኖስ የተወለደች ሴት ቡርኪኒ የሚባለውን የሙስሊም ሴቶች የዋና ልብስ ሠራች፡፡ አንዷ ገላን በመሸፈን ሌላዋ በመግለጥ ተወቀሱ፤ እኔ ግን ሁለቱን የማያቸው እንደ አንድ ሙያ ልጆች ነው፡፡ ሁለቱም ሴቷ የምታምንበትን ወይም የምትገደድበትን ሽፋን ሳይነኩ ጨርቁን ቀላልና የማይንጠለጠል አደረጉት፡፡ እኛ አገር መዋኛ ገንዳ ዳር ስንቀመጥ የምናየው ግን ሴት ልጆች በጥጥ ቲሸርት፣ አንዳንዴም በሰፊ ቀሚስ ውሃ ሲገቡ ነው፡፡ ገላ መሸፈናቸው ጉዳዬ አይደለም፤ የጥጡ ነገር ግን ያሳስበኛል፡፡ ያው ታይትና ከታይት ጨርቅ የተሰፋ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ያንኑ ሥራ ሳይጎትት ይሠራል፤ ሮቤ ውስጥም ይሰፋል፡፡

ጅራቱ ተሰፍቷል፡፡ ከአረንጓዴ የታይት ጨርቅ፣ የበለጠ የሚለጠጠው አቅጣጫ በወገብ ዙሪያ እንዲሆን ተደርጎ ተቆረጠ፡፡ የጋሼ አሮጌ ሲንገር ዚግዛግ ስለማይሰፋ፣ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ወጥረው እየያዙ ነው የሰፉት፤ አለዚያ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል፡፡ ወገቡ ሰፊ ላስቲክ ነው፣ በአንድ እጅ ይወርዳል፡፡ ታችኛው ጫፍ አልተዘጋም፤ እግሮቿ ወጥተው መሬት ይረግጣሉ፣ ክንፉም ከዚያው ጨርቅ የተሰፋ ለስላሳ ነው፡፡ ቅርፊቱን በጨርቅ ቀለም እኔና እሷ ሣልነው፡፡ ውሃ ውስጥ የሚገባው ግን ያለ ጅራት የገንዳውን ወርድ ሦስት ጊዜ ሳታቋርጥ ስትዋኝ ነው ተባብለናል፡፡ ተኮራርፈን ነበር፤ አሁን ታርቀናል፡፡ ከፋዩን ጋሼ ለሶፋ ትራስ ልብስ አደረጉት፡፡